ቺጎንግ፦ ሰውነትን፣ ትንፋሽንና ሐሳብን የማስማማት የቻይና ልምምድ

ቺጎንግ ዝግ ያለ እንቅስቃሴን፣ የተመጠነ ትንፋሽንና የተሰበሰበ ሐሳብን አጣምሮ የያዘ የቻይና የጤና ልምምድ ነው። በአገሪቱ ባህላዊ ሕክምና አስተምህሮ «ቺ» የተባለው የሕይወት ኃይል በሰውነት መስመሮች ውስጥ ይዘዋወራል፤ ዝውውሩ ሲታወክ ሕመም፣ ሲስተካከል ጤና ይሆናል። ተለማማጁ ልቡናውን ከእምብርቱ በታች ባለው «ዳንትየን» ላይ ያሳርፍና ቺ በአከርካሪው ወደ ላይ ወጥቶ በፊት ለፊቱ ሲወርድ በትኩረት ይከታተላል። ይህ ልምምድ ትከሻ የት እንደተወጠረ፣ ክብደት በየትኛው እግር ላይ እንዳረፈ ለይቶ ማወቅን ያስተምራል፤ ትልቁ ጸጋውም ይኸው ነው።

የልምምዱ ጥንታዊነት አያጠራጥርም። በቻንግሻ ከተማ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 በተዘጋ የማዋንግዱይ መቃብር ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተገኘው የሐር ሥዕል ሲንጠራሩና ሲያጎነብሱ የተሣሉ 44 ሰዎችን ያሳያል። የነብር፣ የአጋዘን፣ የድብ፣ የጦጣና የወፍ እንቅስቃሴን የሚከተለው ልምምድ የሐኪሙ የሁዋ ትዎ እንደሆነ ይነገራል። ስምንት ክፍል ያለው ባዱዋንጂን ደግሞ ከሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ጀምሮ ይታወቃል።

ዛሬ የምናውቀው ቺጎንግ ግን መልክ የያዘው በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው። ሊዩ ጉይጀን የተባለ የሄቤይ ግዛት የኮሚኒስት ፓርቲ ሠራተኛ በጨጓራ ቁስለት ታሞ ወደ ትውልድ አካባቢው ሲመለስ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ብቻ ሲተላለፍ የኖረ የትንፋሽ ልምምድ ተማረና ዳነ። ተኝቶ ወይም ተቀምጦ ከትንፋሹ ጋር አጭር ሐረግ በልቡ እየደገመ፣ ምላሱን ወደ ላንቃው እያነሣና እያወረደ ይለማመድ ነበር። አለቆቹ ልምምዱ ከሃይማኖታዊ ይዘቱ ተለይቶ ለሕዝብ ጤና እንዲውል ስለፈቀዱ፣ በ1950ዎቹ በታንግሻን፣ ቀጥሎም በባሕር ዳርቻዋ በቤይዳይኸ የቺጎንግ ማገገሚያ ተቋማት ተከፈቱ፤ ሊዩም በ1957 ዘዴውን በመጽሐፍ አሳተመ። በመምህር ጓዳ ተሸሽጎ የኖረው ዕውቀት ለተራው ሠራተኛ የተዳረሰው በእነዚህ ተቋማት በኩል ነው፤ ለዚህም ሊዩ ከፍ ያለ ምስጋና ይገባዋል። አሮጌ ልማዶችን ለማጥፋት በተነሣው የቻይና የባህል አብዮት ዘመን ልምምዱ ተወገዘ፣ ሊዩም ከሥራው ተባረረ።

በ1980ዎቹ ሚሊዮኖች በየመናፈሻው ተለማመዱት። መንግሥት ከቺጎንግ የወጣውን ፋሉን ጎንግ የተባለ መንፈሳዊ እንቅስቃሴ በ1999 ካገደ በኋላ በዘርፉ ላይ ቁጥጥሩን አጠበቀ፤ በ2003 አካባቢም የስፖርት ባለሥልጣኑ ባዱዋንጂንን ጨምሮ አራት ልምምዶችን መደበኛ አድርጎ አሠራጨ።

የቺ መኖር በሳይንሳዊ መለኪያ አልተረጋገጠም፤ በእጅ ከርቀት ኃይል እየላኩ ይፈውሳሉ የተባሉ መምህራን ነገርም ተቀባይነት የለውም። ሆኖም ልምምዱ ለሚዛን አጠባበቅና ለደም ግፊት እንደሚረዳ የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ጥቂት ሰዎችን ያካተቱ ናቸው። በአንጻሩ ከልክ ያለፈ ልምምድ በአንዳንዶች ላይ ጊዜያዊ የአእምሮ መታወክ እንዳስከተለ የቻይና ሐኪሞች መዝግበዋል፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም ይህንኑ በ1994 የመመሪያ መጽሐፉ አካቶታል። ስለዚህ የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያለው ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር፣ ረጅም የተመስጦ ልምምድንም ብቻውን አለመጀመር ይኖርበታል።