አሲድ ከካርቦኔት ሲገናኝ ምን ይወጣል?

አሲድ ካርቦኔት ላይ (ለምሳሌ እብነ በረድ ላይ) ጠብ ሲል ወዲያው ይንቸሰቸሳል፣ አረፋ ይደፍቃል። የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከእሱ ጋር ውሃና አንድ ጨው (የምግብ ጨው ማለት ብቻ አይደለም፤ ከሜታልና ከአሲድ የሚገኝ ውህድ ነው) ይፈጠራሉ። ጋዙና ውሃው ሁልጊዜ ያው ናቸው፤ የሚለዋወጠው ጨው ብቻ ነው። መተንበይ ያለብንም እሱን ነው።

ጨው ስሙን ከሁለት ወገን ይወርሳል፦ የመጀመሪያውን ካርቦኔቱ ውስጥ ካለው ሜታል፣ ሁለተኛውን ከአሲዱ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ክሎራይድ፣ ናይትሪክ ናይትሬት፣ ሰልፈሪክ ደግሞ ሰልፌት ይሰጣል። ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ አሴቴት ይሆናል። እንግዲህ ማግኒዚየም ካርቦኔት ከናይትሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ የሚገኘው ማግኒዚየም ናይትሬት ነው። አለቀ።

ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው ስሙ ላይ ሳይሆን ቁጥሩ ላይ ነው። እኔ ከካርቦኔቱ መጀመር ይቀለኛል፦ አንድ ካርቦኔት ሁለት የሃይድሮጅን አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው የሃይድሮጅን አቶሞች) ይፈልጋል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንድ ብቻ ስለሚሰጥ ሁለት ሞለኪውል ያስፈልጋል። ሰልፈሪክ ሁለት ስለሚሰጥ አንዱ ይበቃል።

ሌላው የተለመደ ስህተት «ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል» ብሎ መጻፍ ነው። ያ የሚሆነው አሲድ እንደ ዚንክ ያለ ሜታል ራሱን ሲያገኝ ነው። እዚህ ግን መጀመሪያ ካርቦኒክ አሲድ ይፈጠራል፤ እሱም አይበረክትም፣ ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈርሳል። ጋዙን በጠራ የኖራ ውሃ ውስጥ ካሳለፉት ውሃው ወተት ይመስላል። ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ጆሴፍ ብላክ በ1750ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ጋዝ «የታሰረ አየር» ይለው ነበር። ድንጋይ ውስጥ ታስሮ ለሚኖር ጋዝ ጥሩ ስም ነው።

አንዳንዴ አረፋው ይዘገያል። ውሃ ውስጥ በሟሟ ሶዲየም ካርቦኔት ላይ አሲድ በጠብታ ሲጨመር በመጀመሪያ ምንም ላይታይ ይችላል። ካርቦኔቱ አንድ የሃይድሮጅን አዮን ተቀብሎ ሃይድሮጅን ካርቦኔት ሆኖ ቆሟል ማለት ነው። አረፋው የሚመጣው ሁለተኛው ሲደርሰው ነው።

ወረቀት ላይ ትክክል የሆነ ትንበያ ብርጭቆ ውስጥ የሚያስቸግርበት ጊዜም አለ። የእብነ በረድ (ካልሲየም ካርቦኔት) ቁራጭ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ ካልሲየም ሰልፌት ይፈጠራል፤ ይህ ልክ ነው። ይህ ጨው ግን ውሃ ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ ድንጋዩን እንደ ቅርፊት ይሸፍነዋል። አሲዱ መግቢያ ያጣል፣ አረፋውም ብዙ ሳይቆይ ይከስማል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ከእብነ በረድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲዘጋጅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ካልሲየም ክሎራይድ በቀላሉ ይሟሟል።