ብሉዝ ምንድን ነው? የልቅሶ ዘፈን እንዳልሆነ እንስማማና እንጀምር

አሜሪካዊው የብሉዝ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ቢ.ቢ. ኪንግ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ብቅ ይልና «የሐዘን ንጉሥ» ይለዋል። ሰሞኑንም አንዱ ስለ ኢንዲያኖላ የጻፈውን አነበብኩ። ኢንዲያኖላ ሚሲሲፒ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ቢ.ቢ. ኪንግ አገሬ የሚላት እሷን ነበር። ሙዚየሙም መቃብሩም እዚያው ነው። ጸሐፊው ይህን ሁሉ በወጉ ተርኮ ሲያበቃ፣ «ብሉዝ ማለት ቀስ ያለ፣ አንጀት የሚበላ፣ የተከፋ ሰው ዘፈን ነው፤ በአጭሩ የእኛ ትዝታ ማለት ነው» ብሎ ዘጋው። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ስህተት።

እስከ ዛሬ እንዲህ ያለውን እያየሁ አልፌ ነበር። አሁን ግን በዛ።

ጊታር አስተምራለሁ። ስለዚህ ነገሩን የማየው ከእጅ በኩል ነው። ቀስ ያለና የሚያሳዝን ሁሉ ብሉዝ ከሆነ እንጉርጉሮም ብሉዝ ነው፣ የሙሾ አውራጅም ብሉዝ ዘፋኝ ናት። ስሜቱ መለኪያ ሊሆን አይችልም። ብሉዝ አሠራር አለው። አሠራሩን የያዘ ዘፈን ቢያስቅም፣ ቢያስጨፍርም፣ ቢያስለቅስም ብሉዝ ነው።

አሠራሩ ይኸው። የተለመደው ቅርጽ 12 ባር ነው (መጠጥ ቤቱን ማለቴ አይደለም፣ ቢ.ቢ. እሱንም ጠንቅቆ ቢያውቀውም)። አንድ ባር አራት ምት፣ በጠቅላላው 48 ምት። ይህ በሦስት ይከፈላል፣ ለአንድ ስንኝ አራት አራት ባር። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ይላል። ያንኑ ይደግመዋል። ሦስተኛው ላይ ነገሩን ጠቅልሎ ቤት ይመታል።

ተማሪ ግራ ሲገባው በቡና ነው የማስረዳው። የመጀመሪያው ስንኝ አቦል ነው። ሁለተኛው ቶና ነው። ቡናው ያው፣ ጀበናው ያው፣ ውኃ ብቻ ተጨምሮበታል። እዚህ ጋ ውኃው ኮርዱ ነው፣ አንድ ላይ የሚመቱት ኖታዎች ማለቴ ነው። በ«ኤ» የምንጫወት ከሆነ አምስተኛው ባር ላይ ከሥር ያለው ኮርድ ወደ «ዲ» ይሄዳል፣ ከላይ ያለው ቃል ግን አይነካም። ሰውየው ያንኑ ቃል እየደገመ ሌላ ነገር የተናገረ የሚመስለው ለዚህ ነው። ዘጠነኛው ባር ላይ «ኢ» ይመጣል። በረካው እሱ ነው። በረካ ሳይጠጣ የሚነሳ እንግዳ እንደማይወደድ፣ ሦስተኛውን ስንኝ ሳይጠብቅ የሄደም ብሉዝ ሰማሁ አይበል። ከዚያ በ«ዲ» በኩል ዞሮ ወደ «ኤ» ይመለስና ጀበናው እንደገና ይጣዳል። በሲኒና በሲኒ መካከል ወሬ አለ አይደል? ብሉዝ ላይ ያንን ወሬ የሚያወራው ጊታሩ ነው። ምሳሌው ከዚህ በላይ አይሄድም። ቡና በረካው ላይ ይቀጥናል፣ ብሉዝ ደግሞ በረካው ላይ ነው የሚወፍረው። ጀበና ሦስቴ ፈልቶ ይበቃዋል፣ ጥሩ ባንድ ግን ያንኑ ዙር 20 ጊዜ ያፈላዋል።

የሙያ ጓደኞቼ ከመጮኻቸው በፊት አንድ ነገር ልበል። 8 ባር ያለው ብሉዝ አለ፣ 16ም አለ። ብሉዝ ተጫዋቹ ጆን ሊ ሁከር አንድ ኮርድ ላይ ተቀምጦ እግሩን እየመታ መሽቶ ሊነጋ ይችል ነበር። የሚሲሲፒ ዴልታ የድሮ ብሉዝ ሰዎችም ባሩን እንዳሻቸው ያስረዝሙትና ያሳጥሩት ነበር። ብቻውን የሚጫወት ሰው ለማን ብሎ ይቆጥራል? መቁጠር ግድ የሚሆነው ከኋላ ባስ፣ ድራምና ትንፋሽ ሲሰለፍ ነው። ቢ.ቢ. ኪንግ ደግሞ የባንድ ሰው ነው።

ወደ ወሬው እንመለስ፤ ጊታሩ ወደሚያወራው። ሉሲል የሚለውን ስም ለጊታሮቹ ለምን እንዳወጣ፣ በ1949 አርካንሶ ውስጥ ትዊስት በምትባል ቦታ የተነሳውን የእሳት አደጋና የሁለቱን ሰዎች ጠብ ሁሉም ስለሚያውቀው አልደግመውም። የሚታለፈው ሌላ ነው። ሰውየው እየዘፈነ ጊታር አይጫወትም ነበር። ኮርድ ላይ ደካማ መሆኑን ራሱ ሳያፍር ይናገር ነበር። ስንኙ ከአራቱ ባሮች ሁለቱን ገደማ ይወስዳል። አፉን ሲዘጋ ቀሪውን ሉሲል ትመልሳለች። እሷ ስትጨርስ እሱ ይቀጥላል። አንድ ላይ አይናገሩም፣ ተራ አላቸው። አዝማሪን አስቡ። ማሲንቆው ከድምፁ ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ድምፁ የወጣበት ይወጣል፣ የወረደበት ይወርዳል። የቢ.ቢ. ጊታር ግን ራሱን የቻለ ሁለተኛ ሰው ነው። አንዳንዴም የምትለው ነገር ከእሱ ቃል ጋር አይስማማም። እሱ ያማርራል፣ እሷ ትስቃለች።

ሌላው የአሠራሩ ምልክት ሦስተኛዋ ኖታ ናት። ፒያኖ ላይ ወይ ሜጀር (ከፍ ያለችው) ናት ወይ ሚነር (ዝቅ ያለችው)፣ ምርጫው በሁለት ቁልፍ ያልቃል። ጊታር ላይ ግን ክሩን በጣት ገፍቶ በሁለቱ መካከል ማቆም ይቻላል። የት ላይ በትክክል? ቁጥር የለውም። አንዱ ተጫዋች ጋ ወደ ሚነሩ ታዘነብላለች፣ ሌላው ጋ ሜጀሩን ልትነካ ትንሽ ይቀራታል፣ እዚያው ሶሎ ውስጥም ትለዋወጣለች። በማስተካከያ መሣሪያ ልለካት የሚለኝ ተማሪ አይጠፋም። ይለካት፤ ሁለቴ ቢለካት ሁለት መልስ ያገኛል።

ቢ.ቢ. በዚህ ላይ የጨመረው ማርገብገቡን ነው። ዘመዱ ቡካ ዋይት ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተተ ይጫወት ነበር። ቢ.ቢ. ያንን አልቻለበትም። ድምፁን ግን ፈልጎታል፣ ስለዚህ በጣቱ ሊያመጣው ሞከረ። ቪዲዮ ላይ ግራ እጁን ብቻ ተመልከቱ። አውራ ጣቱ የጊታሩን አንገት ይለቃል። ሌሎቹ ጣቶች እንደ ክንፍ ይዘረጋሉ። አመልካች ጣቱ ብቻ ክሩ ላይ ትተከልና እጁ በሙሉ እሷ ላይ እየዞረ ይርገበገባል። ጀማሪ ይህን ለመምሰል ክሩን በጣቱ ጫፍ ይጎትታል፣ የሚወጣውም የተቀየመ ትንኝ ድምፅ ነው። እንቅስቃሴው ከክንድ መዞር ነው የሚመጣው። ባጭሩ አንዲት ኖታ ይዞ አዳራሽ ያስነሳ ነበር። በፍጥነት የሚመኩ ልጆች ይህ ይቆጫቸዋል።

አሁን ወደ «ሐዘኑ» እንሂድ። በኅዳር 1964 ቺካጎ በሚገኘው ሪጋል ቲያትር የተቀዳውን ኮንሰርቱን ያልሰማ ሰው ስለ ብሉዝ ባይጽፍ ደስ ይለኛል። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የመክፈቻው ዘፈን ግጥም በየቀኑ የሚከፋው ሰው እሮሮ ነው። ሙዚቃው ግን በትንፋሽ መሣሪያ ታጅቦ ይጋልባል፣ እግር ያስመታል። ትንሽ ቆይቶ ቀስ ያለው ይመጣል። የኢንዲያኖላው ጸሐፊያችን «ይኸው፣ አላልኩም?» የሚለው እዚህ ጋ ነው። እስቲ ግጥሙን ስሙት። ሰውየው ፎርድ ገዛላት፣ ካዲላክ ነው የምፈልገው አለችው። የ10 ዶላር እራት ጋበዛት፣ ለመክሰሱ አመሰግናለሁ አለችው። ትልቁ ቤቱ ውስጥ አኖራት፣ ጎጆ ነው አለችው። ሰባት ልጅ ሰጣት፣ አሁን ልመልስልህ አለችው።

በዚህ ጊዜ ሕዝቡ ያለቅሳል? ያብዳል እንጂ። ጩኸቱ ባንዱን ይውጠዋል። የደረሰበት ሰው የራሱን ጉድ በሰው ፊት አውጥቶ መሳቂያ ያደርገዋል፣ አዳራሹም «የእኔም እንዲሁ ነው» እያለ አብሮት ይጮኻል። ይህን «የሐዘን ዘፈን» የሚል ሰው ሕዝቡን አልሰማም።

ትዝታስ? ይህ ክርክር የመጣው ከምንም አይደለም። ሜጀር ትዝታን ከ«ሲ» ብንጀምር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ይሆናል። እነዚህኑ አምስት ኖታዎች ከ«ኤ» ብንጀምራቸው ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ይሆናሉ። ይቺ ደግሞ ማንኛውም የጊታር ተማሪ ብሉዝ ልጀምር ሲል መጀመሪያ የሚያጠናት ሚነር ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ኖታ ስኬል) ናት። ኖታው አንድ ስለሆነ ጆሮ ቢሳሳት አይፈረድበትም። ለውጡ ቤቱ የት ነው የሚለው ላይ ነው። ትዝታ «ሲ» ላይ ሲያርፍ ቤቱ ገባ። ብሉዙ «ኤ» ላይ ካልሆነ አያርፍም። ከዚያ በላይ ደግሞ ትዝታ የኮርድ ጉዞ አይፈልግም። ክራሩ ዙሪያውን እየዞረ ያንኑ ቅኝት ያሞቀዋል፣ አምስተኛው ባር ላይ የሚጠብቀን ለውጥ የለም። ሚነሩ ትዝታማ (ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት) ከነጭራሹ ሌላ አገር ነው። ሁለቱ ጠባብ እርምጃዎቹ (ከዲ ወደ ኢ ፍላት፣ ከጂ ወደ ኤ ፍላት) የብሉዝ ፔንታቶኒክ ውስጥ የሉም። ትዝታ ትዝታ መሆኑ ይበቃዋል። የሌላ ሙዚቃ ስም ካልተለጠፈበት ክብር የሚጎድለው የሚመስላቸው ሰዎች ይገርሙኛል።

ኢንዲያኖላን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ቢ.ቢ. ኪንግ በ1925 ኢታ ቤና አጠገብ ተወለደ። በወጣትነቱ ኢንዲያኖላ አካባቢ ጥጥ ሲለቅም፣ በኋላም ትራክተር ሲነዳ ኖረ። ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ ከተማ ይገባና ቸርች ጎዳና ማዕዘን ላይ ቆሞ ይጫወት ነበር። ራሱ ደጋግሞ የሚያወራው ታሪክ አለ። መዝሙር ያዘዘው ሰው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ ልጅ፣ በርታ» ብሎት ይሄዳል። ብሉዝ ያዘዘው ሰው ግን ሳንቲም ይጥልለታል፣ አንዳንዴም ቢራ ይጨምርለታል። ልጁ ሒሳቡን ሠራና ብሉዝ ዘፋኝ ሆነ።

ያን ሳንቲም የጣለው ሰው ሳምንቱን ሙሉ በሌላ ሰው ማሳ ላይ ጎንበስ ብሎ የዋለ ነው። ቅዳሜ ማታ በገንዘቡ ለቅሶ የሚገዛ ይመስላችኋል? ዘና ሊል ነው የመጣው። ማልቀስ ከፈለገ በነጻ ይችላል።

ደግሞ ለማልቀስ ምክንያት ጠፍቶ አይደለም። ለጥቁሮች እኩልነት እንቅፋት ለመሆን የተቋቋመው የነጮች የዜጎች ምክር ቤት በ1954 ለመጀመሪያ ጊዜ የተመሠረተው እዚህችው ከተማ ነው። ቢ.ቢ. ይህን እያወቀ በየዓመቱ እየተመለሰ ለከተማው ሰው ይጫወት ነበር። በ2008 ሙዚየሙ ሲከፈት በሕይወት ነበረ፤ በቁሙ ከተከበሩት ዕድለኞች አንዱ ነው። ሙዚየሙ የተሠራው በወጣትነቱ የሠራበትን የጡብ የጥጥ መዳመጫ አካትቶ ነው። ግድግዳው እስካሁን አለ። በዚያው ዓመት ክለብ ኢቦኒ የሚባለውን የከተማዋን የድሮ ጭፈራ ቤት ገዝቶ በኋላ ለሙዚየሙ ሰጥቷል። ልብ በሉ፣ ሰውየው እንዲተርፍ የፈለገው ጭፈራ ቤቱን ነው። በግንቦት 2015 ሲሞት ሙዚየሙ ግቢ ውስጥ ተቀበረ።

አንድ ጥያቄ እንደሚቀር አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ ይመጣል። «በጣም የታወቀው ዘፈኑስ? ዘ ትሪል ኢዝ ጎንስ? እሱም አያሳዝንም ልትል ነው?» አልልም። ያሳዝናል። ሚነር ነው፣ ለብሉዝ ብዙም የተለመደ አይደለም። ከኋላው የቫዮሊን ጭፍራ አለ፣ ያም አልተለመደም። ዘፈኑም መጀመሪያ የእሱ አልነበረም፣ ሮይ ሆኪንስ በ1951 አውጥቶታል። ቢ.ቢ. በ1969 ሲቀዳው ፍቅሩ አልቆ የቀረ ሰው አድርጎ ነው የዘፈነው። ቢሆንም መጨረሻውን ስሙ። ሰውየው ከድግምትሽ ነጻ ወጣሁ ይላል፣ ደህና ሁኚ ብሎም ይመርቃታል። ደግሞ ቁጠሩት። «ቢ ሚነር» ላይ አራት ባር፣ «ኢ ሚነር» ላይ ሁለት፣ ተመልሶ «ቢ ሚነር» ላይ ሁለት፣ ከዚያ ዘጠነኛው ላይ ይጠበቅ የነበረው «ኤፍ ሻርፕ» ቀርቶ «ጂ» ይገባል፣ «ኤፍ ሻርፕ» አንድ ባር ዘግይቶ ይደርሳል፣ ሁለት ባር ደግሞ ወደ ቤት መመለሻ። 12 ነው። ያቺ «ጂ» ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል፣ እጃችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።