ወተት ያስቸገረው ሆድ ሁሉ አሜባ የለበትም

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ በምሠራበት መድኃኒት ቤት በየዓመቱ የምሰማው አቤቱታ አንድ ነው፤ «አሜባዬ ተነሣብኝ፣ ያንን የተለመደውን ስጪኝ።» አንድ አባት ለሦስት ተከታታይ ዓመታት በዚሁ ሰሞን መጥተው ቲኒዳዞል የተባለውን የአሜባ መድኃኒት ጠይቀውኛል። በሦስተኛው ዓመት ስጠይቃቸው፣ ጾሙ ከተፈታ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት በባዶ ሆድ እንደሚጠጡና ሆዳቸው የሚነፋውም ከዚያ በኋላ እንደሆነ ነገሩኝ። የሰገራ ምርመራ አድርገው እንደሆነ ስጠይቃቸው «ለሚታወቅ በሽታ ደግሞ ምን ምርመራ ያሻል?» አሉ።

አሜባ መኖሩን የሚናገረው ምርመራ እንጂ የሆድ መነፋት አይደለም። ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል የተፈጥሮ ስኳር አለ፤ ይህ ስኳር ወደ ደም እንዲገባ ላክቴዝ በተባለው የትንሹ አንጀት ኢንዛይም ወደ ግሉኮስና ጋላክቶስ መከፈል አለበት። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከልጅነት በኋላ ይህ ኢንዛይም ይቀንስባቸዋል። ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት የደረሰው ስኳር ውኃ ይስባል፣ ባክቴሪያዎችም አብላልተው ጋዝ ያወጡበታል፤ መነፋቱ፣ ቁርጠቱና ተቅማጡ ከዚህ ይመጣሉ። ወተት የሚያዘወትር ሰው፣ ኢንዛይሙ ባይጨምርለትም፣ የአንጀቱ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ስለሚለምዱት ሕመሙ ይቀልለታል፤ 55 ቀን ሲጾም ግን ያ ልማድ ሊጠፋ ይችላል። «መድኃኒቱን ስወስድ ተሻለኝ» የሚሉኝ ደንበኞች፣ ጠበቅ አድርጌ ስጠይቃቸው፣ በዚያው ሰሞን ወተቱንም ትተውት ይገኛሉ።

ስለ ወተትና ሆድ የሚነገሩትን ሌሎች የተሳሳቱ አባባሎች ላሳጥር። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ላክቶስን አያጠፋም። የፍየልም የግመልም ወተት ላክቶስ አለው። የወተት አለርጂ ሌላ ሕመም ነው፤ የሰውነት መከላከያ በወተቱ ፕሮቲን ላይ ሲነሣ የሚመጣ በመሆኑ ጥቂቱም አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ከወተት ተዋጽኦ ሁሉ መራቅም አያስፈልግም። እርጎ ሲረጋ ከላክቶሱ ከፊሉ ይበላለታል፤ አይብ ሲወጣ አብዛኛው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ይሄዳል፤ ቅቤ ውስጥ ከቁጥር የሚገባ የለም። አንድ ብርጭቆ ወተት 12 ግራም ያህል ላክቶስ ሲኖረው፣ ይህን ያህል መጠን በተለይ ከምግብ ጋር ሲሆን ብዙዎች ይችሉታል። በሰገራ ደም የሚያይ፣ ትኩሳት ያለበት ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ግን በወተት አያሳብብ፣ ይመርመር።

ይህን ሁሉ ለእኒያ አባት አስረዳኋቸው፤ ለአንድ ሳምንት ወተቱን በእርጎ እንዲተኩም መከርኳቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ፣ መረቁኝ፤ ከዚያም መንገዱን ተሻግረው ፊት ለፊታችን ወዳለው መድኃኒት ቤት ገቡ።