የግቢን ሣር አልፎ አልፎ ማጨድ

የግቢን ሣር በየሳምንቱ ከመላጨት በየሁለት፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ማጨድ፣ ጥግ ጥጉን ደግሞ እስከ ሰመር መጨረሻ ሳይነኩ መተው፤ ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው። ዓላማው ንቦች፣ ቢራቢሮዎች፣ ፌንጣዎችና እነሱን የሚለቅሙ ወፎች ከሰው ቤት ግቢ ምግብና መጠለያ እንዲያገኙ ነው። በተለይ በብሪታኒያና በሰሜን አሜሪካ ተለምዷል። እንደ ምንጣፍ የተስተካከለ ሣር የቤት ባለቤት መታወቂያ የሆነው እዚያ ስለሆነ አያስገርምም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አጭር ሣር መጀመሪያ የባላባት ጌጥ ነበር። በእንግሊዝ ትልልቅ ርስቶች ሣሩን የሚያሳጥሩት በጎችና ረጅም እጀታ ያለው ማጭድ የያዙ ሠራተኞች ነበሩ። ያን ሁሉ ሠራተኛ መቅጠር የማይችል ሰው አጭር ሣር አይመኝም። ይህን የለወጠው ኤድዊን በዲንግ የተባለ የግሎስተርሻየር ሰው ነው። ስትራውድ አካባቢ ባሉ የጨርቅ ፋብሪካዎች የሱፍ ጨርቅ ላይ የሚቆመውን ፀጉር የሚላጭ ማሽን ነበር። በዲንግ ያንኑ ተሽከርካሪ ስለት ለሣር አደረገውና በ1830 የፈጠራ መብት አገኘበት። ከዚያ ወዲያ አጭር ሣር ቀስ በቀስ መካከለኛ ኑሮ ያለው ሰው ደጃፍ ደረሰ።

አሜሪካኖች ደግሞ ነገሩን አገር አቀፍ አደረጉት። በሳተላይት መረጃ ተሠልቶ በ2005 የወጣ አንድ ግምት በአሜሪካ ያለውን የተከረከመ ሣር ወደ 160 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያደርሰዋል። ይህ ከአማራ ክልል ስፋት ጋር የሚቀራረብ ነው። አብዛኛው ለከብት የማይቀርብ፣ ድርቆሽ የማይሆን፣ አበባ እንዳያወጣ የሚጠበቅ ሣር ነው።

ድሮ እንዲህ የጠራ አልነበረም። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ለግቢ የሚሸጥ የሣር ዘር ብዙ ጊዜ ነጭ አበባ ያለው ማገጥ ይቀላቀልበት ነበር። ማገጡ ከአየር ናይትሮጅን እየያዘ አፈሩን ስለሚያዳብር ይወደድ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ቅጠለ ሰፊ አረም የሚገድለው 2፣4-ዲ የተባለ ኬሚካል ገበያ ገባ። ኬሚካሉ ዳንደላየን የሚባለውን ባለቢጫ አበባ አረም ሲገድል ማገጡንም ይገድላል፤ ለይቶ አይረጭም። ከዚያ ማገጥም አረም ተባለና አረፈው። የኢትዮጵያን ደጋ መስክ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ሊገርመው ይችላል። የእኛ ደጋ በማገጥ ዓይነት ሀብታም ነው፤ ሌላ አገር የማይገኙ ዝርያዎችም አሉት።

በብሪታኒያ የዘመቻው መነሻ የግቢ ሣር ሳይሆን የገጠሩ መስክ መጥፋት ነው። እንግሊዝና ዌልስ ከ1930ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ባለው ጊዜ አበባ የሚበዛበት መስካቸውን 97 በመቶ ያህል አጥተዋል። ያ መስክ በዓመት አንዴ፣ ሰመር ሲጋመስ፣ ለድርቆሽ ይታጨድ ነበር። አበባው እስኪያፈራ ጊዜ ነበረው። ከዚያ መስኩ ታረሰ፤ ያልታረሰው ማዳበሪያ ጠጣ። ስለዚህ የዱር ዕፅዋትን ለመጠበቅ የተቋቋመው ፕላንትላይፍ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት በ2019 ፊቱን ወደ ቤት ግቢዎች አዞረ። «ኖ ሞው ሜይ» ብሎ ሜይን ሙሉ ማጨጃው እንዳይነሣ ሰው ጠራ። በወሩ መጨረሻ ተሳታፊው ከሣሩ ላይ አንድ ካሬ ሜትር መርጦ፣ ተንበርክኮ፣ አበቦቹን በየዓይነታቸው ቆጥሮ ይልካል። ሰው የገዛ ግቢውን ተንበርክኮ እንዲያይ ማድረጉ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከዘመቻው መፈክር ይልቅ ብልህ ነበር።

ከቆጠራው የተገኘው ውጤት መፈክሩን ራሱን ትንሽ ያስተካክለዋል። ብዙ አበባ የተቆጠረው ጨርሶ ባልታጨደ ሣር ላይ ሳይሆን በአራት ሳምንት አንዴ በሚታጨደው ላይ ነው። ምክንያቱን ለማየት ጎንበስ ማለት ይበቃል። ማገጥ መሬት ለመሬት ይሳባል። አበባው የሚቆመው ከጣት በማይበልጥ ዘንግ ላይ ነው። ዴዚ የምትባለው ነጭ አበባም ቅጠሏን አፈሩ ላይ ዘርግታ ነው የምትኖረው። ማጨጃው ሲያልፍ የሚቆረጠው አበባቸው ብቻ ነው፤ ሥሩና ቅጠሉ ይተርፋል። ፋታ ካገኙ እንደገና ያብባሉ። በየሳምንቱ ከታጨዱ ግን እንቡጡ ሳይፈነዳ ይቀጫል። በሌላ በኩል ሣሩ ጨርሶ ከተተወ ረዝሞ ይውጣቸውና ብርሃን ያሳጣቸዋል። ረጅሙ ሣር የሚጠቅመው ሌሎችን ነው፤ ረጅም ዘንግ ያላቸው አበቦች በብዛትም ባይሆን በዓይነት የሚጨምሩት እዚያ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ቁመት በአንድ ግቢ ቢኖር ይሻላል።

በአሜሪካ ጥሩ ሙከራ የተሠራው በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የደን አገልግሎት ተመራማሪ ሱዛና ለርማንና ባልደረቦቿ 16 ግቢዎችን ወስደው ከፊሉን በየሳምንቱ፣ ከፊሉን በየሁለት፣ ከፊሉን በየሦስት ሳምንቱ አጨዱ። በ2018 በታተመው ውጤት በሦስት ሳምንት አንዴ የሚታጨደው እስከ ሁለት እጥፍ ተኩል አበባ ነበረው። በቁጥር ብዙ ንብ የተገኘው ግን በሁለት ሳምንቱ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ እንደጠረጠሩት የረዘመው ሣር አበባውን ሸፍኖ ለንቦቹ መድረሻ አሳጥቷቸዋል። ለሰነፍ አጫጅ ከዚህ የተሻለ ዜና የለም። ምንም ዘር ሳይገዙ፣ አንድ ሳምንት መዝለል ብቻ ለውጥ አምጥቷል።

ሁሉም ጥናት ግን እንዲህ አልጸናም። የዊስኮንሲኗ አፕልተን በ2020 «ኖ ሞው ሜይ»ን በመቀበል ከአሜሪካ ከተሞች የመጀመሪያዋ ሆነች። በዚያው ዓመት እዚያ የተሠራ ጥናት ባልታጨዱ ግቢዎች አምስት እጥፍ ንብ ተገኘ አለ። ዜናው በአንዴ ተዛመተ፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። በ2022 ሌሎች ሰዎች የጥናቱን መረጃ ሲመረምሩ የንቦቹ አመዘጋገብ ላይ ችግር አገኙና አጥኚዎቹ ራሳቸው ጽሑፉን ከመጽሔቱ አነሡት። ይህ ማለት ሣር ማዘግየት አይጠቅምም ማለት አይደለም። ያ «አምስት እጥፍ» የሚል ቁጥር ግን እስከ ዛሬ በየቦታው ሲጠቀስ ይታያልና ሲያጋጥማችሁ እለፉት።

ለቢራቢሮዎች የተገኘው ማስረጃ ጠንከር ያለ ነው። በብሪታኒያ ከ600 በላይ ግቢዎች ለስድስት ዓመት ተመዝግበው በ2024 በወጣው ትንተና፣ ረጅም ሣር የተዉ ግቢዎች በከተማ እስከ 18 በመቶ፣ በእርሻ በተከበበ ገጠር እስከ 93 በመቶ የበለጠ ቢራቢሮ አግኝተዋል። እዚህ ላይ ጉዳዩ የአበባ ብቻ አይደለም። ሜዶ ብራውን የተባለችውን የመሰሉ ቢራቢሮዎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት ሣር ላይ ነው፤ አባጨጓሬውም የሚያድገው ሣሩን እየበላ ነው። ሣሩ ሜይ አልቆ ጁን አንድ ቀን ሙልጭ ተደርጎ ከታጨደ ያ ሁሉ ከነሕይወቱ ይሄዳል። የአንድ ወር ዘመቻ ትልቁ ድክመቱም ይህ ነው።

ስለዚህ የረዘመውን ሣር የማሳጠሩም ሥራ ወግ አለው። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አይቆረጥም፤ ሥሩ ይዳከማል። የማሽኑን ጎማ ከፍ አድርጎ መጀመርና በሁለት ሦስት ዙር ዝቅ ማድረግ ነው። ከማጨድ በፊት በእግር ዞር ዞር ማለት ያስፈልጋል፤ ብሪታኒያ ውስጥ ሄጅሆግ የምትባለው ትንሽ ጃርት ቀን ቀን ረጅም ሣር ውስጥ ትተኛለች፤ ማሽን ሲመጣም አትሮጥም፣ ተጠቅልላ ትቀራለች። አበባ የሚፈልግ ሰው የታጨደውን ሣር ሰብስቦ ማውጣት አለበት። እዚያው ከበሰበሰ አፈሩን ያደልብና የሚጠቀመው ሣሩ ይሆናል። ትዕግሥት ያለው ደግሞ የሎው ራትል የተባለውን ተክል በመኸር ይዘራል። ይህ ተክል ሥሩን ከሣር ሥር ላይ ሰክቶ ስለሚመጠምጥ ሣሩን ያሳሳና ለሌሎች አበቦች ቦታ ይከፍታል። ዘሩ ክረምቱን ቅዝቃዜ ካልቀመሰ አይበቅልም።

መዥገር ብዙ ሰው የሚያነሣው ሥጋት ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ «ላይም» (Lyme) የተባለውን በሽታ ስለሚያስተላልፍ ተገቢ ሥጋት ነው። እነለርማን በስፕሪንግፊልዶቹ ግቢዎች ሲፈልጉ ግን በየሦስት ሳምንቱ የሚታጨደው ላይ እንኳ አንድም መዥገር አላገኙም። ጫካ የሚዋሰን ግቢ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ሕፃናት የሚጫወቱበትን አሳጥሮ መያዝ ነው የሚሻለው።

ከመዥገሩ ይልቅ ጎረቤት ያስቸግራል። በዲሲ ዙሪያ ቤት የገዛ አበሻ ይህን በደንብ ያውቀዋል። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪም ሆነ በቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ የግቢ ሣር ከ12 ኢንች፣ ማለትም ከ30 ሴንቲ ሜትር፣ ካለፈ ሰው ሊከሰስበት ይችላል። ከካውንቲው በላይ ደግሞ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ኤችኦኤ የሚሉት፣ የራሱ ደንብ አለው። ሜሪላንድ ውስጥ ኮሎምቢያ በተባለች ከተማ አንድ ባልና ሚስት በሣር ምትክ አገር በቀል አበቦች በመትከላቸው ከማኅበራቸው ጋር ዓመታት ተሟገቱ። የእነሱ ጉዳይ ምክንያት ሆኖ በ2021 የወጣ የግዛቱ ሕግ ማኅበራት ለንብና ለቢራቢሮ የተተከለን አትክልት እንዳይከለክሉ ያዛል። ሕጉ የሚጠብቀው ታስቦበት የተተከለንና የሚንከባከቡትን ቦታ እንጂ ዝም ብሎ የተረሳን ሣር አይደለም። ለዚህ ነው ልማዱ ያላቸው ሰዎች የመንገዱን ዳርና የመግቢያውን ጥግ ሁልጊዜ አጭር የሚያደርጉት፤ የተተወው ሆን ተብሎ እንደተተወ ይታወቃል። በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ የሚታጨድ ሣር ደግሞ ብዙውን ጊዜ 12 ኢንች አይደርስም። ስለዚህ ጣጣው የሚመጣው ከጓሮው ይልቅ በፊት ለፊት በተተወው ረጅም ሣር ነው።