የባለሱቅ ፔኒ፦ የአውስትራሊያ የነጋዴ ቶከኖችና ሰብሳቢዎቻቸው

ባለሱቁ «ዝርዝር የለኝም» ብሎ በመልሱ ፋንታ ማስቲካ የሰጠው ሰው ይህን ታሪክ ቶሎ ይረዳዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሜልቦርንና የሲድኒ ነጋዴዎችም መልስ የሚሰጡት ሳንቲም አጥተው ነበር። መላው? የራሳቸውን ሳንቲም ማሠራት።

አውስትራሊያ ያኔ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ስብስብ ናት። የምትገበያየው በእንግሊዝ ገንዘብ ነው፤ የመዳብ ሳንቲም ግን በበቂ አይላክላትም። እ.ኤ.አ. በ1849 አናንድ፣ ስሚዝ ኤንድ ኮ የተባለ የሜልቦርን የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር የመጀመሪያውን የፔኒ ቶከን አወጣ፤ ፔኒ የእንግሊዝ የመዳብ ሳንቲም ነው፣ ቶከን ደግሞ ነጋዴ በራሱ ስም አሠርቶ በሳንቲም ፋንታ የሚሰጠው። በ1851 ወርቅ ተገኘ ተብሎ ሰው እንደ ጉድ ጎረፈ። የዝርዝር እጥረቱም ባሰ።

ቶከኑ ሕጋዊ ገንዘብ አልነበረም፤ አልቀበልም ያለ አይገደድም። ሆኖም ሌላ ሳንቲም የለምና ሰው ይቀበለው ነበር። በአንድ ፊቱ የሱቁ ስምና አድራሻ፣ በሌላው ካንጋሮ፣ ኢሙ (ሰጎን መሳይ ወፍ) ወይም ሚዛን የያዘች ሴት አለ። ኪስ ውስጥ የሚዞር ማስታወቂያ በሉት። የለንደኑ የኪኒን ነጋዴ ቶማስ ሆሎዌይማ በ1857 እና በ1858 የራሱን ፊት ያተመበት ቶከን አሠርቷል!

ብዙዎቹ እንግሊዝ አገር ተሠርተው በመርከብ የመጡ ናቸው። የበርሚንግሃሙ ሂተን አንዱ አምራች ነበር። እኔን የሚስበኝ ግን የሜልቦርኑ ቶማስ ስቶክስ ነው። በ1853 «ካንጋሮ ኦፊስ» የሚባል ድርጅት የሳንቲም ማተሚያ ማሽን ከእንግሊዝ አምጥቶ ነበር። ሐሳቡ ከቆፋሪዎች ወርቅ በርካሽ ገዝቶ፣ ሳንቲም መሳይ አድርጎ ማተም ነው። ሥራው እስኪጀመር የወርቁ ዋጋ ወጣና ሁሉም ከንቱ ሆነ። በ1857 ማሽኑን ስቶክስ ገዛው። ለወርቅ የመጣ ማሽን የባለሱቅ መዳብ ሲያትም ኖረ።

በ1860 ብሪታንያ አዲስ የነሐስ ሳንቲም ማውጣት ጀመረች። ከአውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች ቪክቶሪያ (የሜልቦርን ግዛት) በ1863፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ (የሲድኒ ግዛት) በ1868 ቶከኖቹን ከለከሉ። በጎረቤት ኒውዚላንድ ግን በክራይስትቸርች ያለ የሙዚቃ ዕቃ መደብር በ1881 ጭምር አውጥቷል።

ሰብሳቢ በሱቅ፣ በከተማ ወይም በአምራች ይመርጣል። የአንዱ ቶከን ፊት ከሌላ ቶከን ጀርባ ጋር ተቀላቅሎ የታተመ ደግሞ በተለይ ይፈለጋል፤ ስቶክስ እንዲህ ያሉትን ሠርቶ ትቶልናል። ገበያው ያልተነካውንና ፊደሉ የጎላውን ይወዳል። እኔ ግን ፊደሉ የደበዘዘው ይበልጥብኛል፤ ስንት እጅ እንደገባ ያስታውቃላ! ደብዝዟል ብሎ በሎሚና በአመድ መፈተግ ግን አይሞከርም። ጥቁር ቡኒ ቀለሙ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም፤ ዋጋውም አብሮት ይወርዳል።