«ገባችሁ?» «አዎ ቲቸር!»

ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ዕጩ መምህራን ለፕራክቲከም (ለማስተማር ልምምድ) ሲመጡ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። ስለነሱ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ።

«እንግሊዝኛ የሚችል ማስተማር አያቅተውም።»

ያቅተዋል እንጂ! አንዱ ዕጩ እንግሊዝኛው እንደ ውኃ ይፈስሳል። ሰሌዳው ላይ «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ደሴ ፎር ፋይቭ ይርስ» ብሎ ጻፈ። ሕጉን አብራራና «ገባችሁ?» አለ። «አዎ ቲቸር!» ክፍሉ በአንድ ድምፅ። አጠገቤ ያለችውን ልጅ በሹክሹክታ «ሰውየው አሁን የት ነው የሚኖረው?» አልኳት። «ኮምቦልቻ ወርዷል» አለችኝ። አምስት ዓመት ኖሮ የለቀቀ መስሏታል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን አሁንም ደሴ ይኖራል ማለት ነው። «ገባችሁ?» ለሚል ጥያቄ መልሱ ሁሌም «አዎ» ነው። የሚጠየቀው ትርጉሙ ነው፦ ሰውየው አሁንም ደሴ ነው? በማግስቱ ዕጩው ሌላ ክፍል ገብቶ ይህንኑ ጠየቀ። ግማሹ ተሳሳተ። ትምህርቱ የተጀመረው ያኔ ነው።

«ተማሪ ዝም ካለ አያውቅም ማለት ነው።»

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳየችው፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ነው። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል። በእርግጥ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ላብ ለሚያጠምቀው ዕጩ 3 ሰከንድ ዓመት ነው። «አብሽር፣ በሆድህ ቁጠር» እላለሁ።

«ማይክሮ ቲቺንግ የጓደኛሞች ድራማ ነው።»

ማይክሮ ቲቺንግ ዕጩው አጭር ትምህርት፣ ብዙ ጊዜ ለጓደኞቹ፣ እያስተማረ የሚለማመድበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲጀመር ሂደቱ ማስተማር፣ አስተያየት መስማት፣ ከዚያ ያንኑ እንደገና ማስተማር ነበር። እኛ መጨረሻዋን እንዘላታለን። ድራማ የሚሆነው ለዚህ ነው።

«ራስን ችሎ መማር ማለት ሞጁል ሰጥቶ መልቀቅ ነው።»

ይህ መገላገል ነው። ራሱን ችሎ የሚማር ሰው የራሱን ሥራ መመርመር አለበት፤ ምርመራውን ደግሞ መጀመሪያ አብሮት የሚሠራ ሰው ይፈልጋል። አንዷን ዕጩ የራሷን ክፍለ ጊዜ በስልኳ እንድትቀዳ ነገርኳት፤ ድምፅ ብቻ፣ ቪዲዮ የለም። ባጃጅ ውስጥ በኢርፎን ስትሰማ መጥታ «ጋሼ፣ ከራሴ ድምፅ ሌላ ምንም የለም» አለችኝ። አስተያየቴን ዋጥ አድርጌ «በሚቀጥለው ምን ትቀይሪያለሽ?» ብቻ አልኳት። ደብተሯ ላይ አንድ መስመር ጻፈች፦ «ጠይቄ ዝም እላለሁ።» በሦስተኛው ሳምንት እኔ አፌን ሳልከፍት ደብተሯን ዘርግታ፣ «ኦኬ» ያለችበትን ብዛት ካለፈው ሳምንት ጋር ታስተያይ ነበር።