ውሻ ማጠብና ማዋኘት፦ ከደሴ እስከ ሐይቅ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ላይ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ኮምቦልቻ ላይ ወንዙ ቅርብ ነው፣ ሐይቅ ከተማ ላይ ደግሞ ሐይቁ ራሱ ይጋብዛል። ስለ ውሻ እጥበት የሚነገረው ግን በሦስቱም ቦታ ያው ነው። ከሚነገረው ውስጥ አንዳንዱ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ አንዳንዱ ግን ሰው ይገድላል። ከሚገድለው ልጀምር።

«ውሃ ያልፈራ ውሻ አላበደም»

ሰው በውሻ ሲነከስ ጎረቤት ተሰብስቦ ውሻው ፊት ውሃ ያስቀምጣል። ውሻው ከጠጣ፣ ወይም ውሃ ሲደፉበት ዝም ካለ፣ «ጤነኛ ነው» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ውሃ መፍራት በዋናነት በእብድ ውሻ በሽታ በተያዘ ሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው፤ ታማሚው ውሃ ሊውጥ ሲል ጉሮሮው እየተኮማተረ ያስጨንቀዋል። ያበደ ውሻ ግን ወንዝ ሊሻገር ይችላል፣ ውሃም ሊጠጣ ይችላል። በኋላ መጠጣት ቢያቅተው እንኳ ጉሮሮው ሽባ ሆኖበት እንጂ ውሃው አስፈርቶት አይደለም። ከዚህም በላይ የበሽታው ቫይረስ ውሻው ላይ ምንም ምልክት ሳይታይ፣ ከቀናት አስቀድሞ ምራቁ ውስጥ ይገኛል። ሲታጠብ የተረጋጋው ውሻ ለነከሰው ሰው ምንም ዋስትና አይሰጥም።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠበው፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዶ ስለ ክትባቱ ይጠይቅ። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ጠበል መሄድ የሚፈልግም ይሂድ፤ ክትባቱን ግን ለነገ አያሳድር። ለራሱ ለውሻውም ቢሆን ከዚህ በሽታ የሚጠብቀው በጊዜው የሚወሰድ ክትባት እንጂ ንጽሕና አይደለም።

«ቁንጫ በላምባ ይጠፋል»

ላምባ፣ በረኪና፣ ለከብትና ለበግ መንከሪያ የተገዛ መድኃኒት፣ የእህል ተባይ ማጥፊያ ሳይቀር ውሻ ላይ ሲፈስ ይታያል። ላምባ ቆዳ ያቃጥላል፤ ውሻው ሲልሰው ወይም ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ከገባ ደግሞ የሳንባ ምች ያመጣበታል። የተባይ መርዞቹ ከዚህም የባሱ ናቸው። መጠኑ የተሰላው ለሌላ እንስሳ፣ ለሌላ ክብደት ነው። ውሻው ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ከተንቀጠቀጠና መቆም ካቃተው ተመርዟል ማለት ነው። የእጅ ጓንት አድርጋችሁ በብዙ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ፣ ዕቃውን ከነጽሑፉ ይዛችሁ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሩጡ። ቤት ውስጥ ድመት ካለች ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን፤ ለውሻ የተፈቀዱ አንዳንድ የቁንጫ መድኃኒቶችና እንደ ዴቶል ያሉ ፈሳሾች ለድመት መርዝ ናቸው።

ደግሞስ ውሻው ላይ የሚታየው ቁንጫ ከጠቅላላው ትንሹ ክፍል ነው። እንቁላሉና እጩ ያለው ምኝታው ውስጥ፣ የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ፣ ደጅ አፈሩ ላይ ነው። ስለዚህ ማደሪያውን አውጥቶ በፈላ ውሃ ማጠብና ቤቱን ደጋግሞ መጥረግ ከእጥበቱ እኩል ያስፈልጋል። ውሻውን ስታጥቡ ሳሙናውን መጀመሪያ አንገቱ ዙሪያ አድርጉት፤ ቁንጫ ውሃ ሲነካው ወደ ጭንቅላት ይሸሻል። እከክ ከሆነ ግን የእከኩ ተባይ ቆዳ ውስጥ ሰርስሮ ስለሚኖር የትኛውም ሳሙና አያወጣውም። ሐኪም ይየው።

«እንዶድ ከተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም»

እንዶድ ባለውለታችን ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አሳውቀዋል። ቀንድ አውጣና ዓሣ የሚገድለው ይኸው ጉልበቱ ነው ለውሻ የማያስመክረው። ዓይን ክፉኛ ይቆጠቁጣል፤ ውሻ ደግሞ ከታጠበ በኋላ ገላውን መላሱ አይቀርም። ለነጠላ የሚሆነውን ለውሻ አታድርጉት።

«ውሻ ሲወለድ ዋናተኛ ነው»

አብዛኛው ውሻ ውሃ ውስጥ ሲገባ እግሩን ያንቀሳቅሳል። ያ ግን ዋና መቻል አይደለም። ቡችላ፣ ያረጀ፣ የወፈረ፣ እግረ አጭርና አፍንጫው የተደፈጠጠ ውሻ ቶሎ ይደክማል። ብዙ ጊዜ የሚያሰምጠውም መግባቱ ሳይሆን መውጫ ማጣቱ ነው፤ ዳሩ ገደል ወይም የሚያዳልጥ ጭቃ ከሆነ እየቧጠጠ ኃይሉን ይጨርሳል። የሐይቅ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ረጅም ገመድ ይዞ፣ ውሻው ቆሞ መራመድ በሚችልበት ቦታ ብቻ ማስገባት ይሻላል። ውሻ ለማዳን ብሎ ዋና የማይችል ልጅ ተከትሎ እንዳይገባም ከወዲሁ መነገር አለበት።

ቦርከና በክረምት ሌላ ጣጣ አለው። ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ ወጥቶ፣ ደሴ በኩል የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በበጋ ደግሞ ውሃው ሲያንስ የከተሞቹ ፍሳሽ ይወፍርበታል። እኔ ውሻ ለማጠቢያ አልመርጠውም።

«የሐይቅ ውሃ ጥርት ያለ ስለሆነ ንጹሕ ነው»

እዚህ ላይ አደጋው ከውሻው ይልቅ ያጣቢው ነው። ቢልሃርዝያ በሐይቅ አካባቢ ያለ በሽታ ነው፤ ጥገኛ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በደህና ቆዳ ውስጥ ያልፋል። ሱሪ ሰብስቦ እስከ ጉልበት ለትንሽ ጊዜ መቆም ይበቃዋል። ውሃውን በጀሪካን ቀድታችሁ ሁለት ቀን ብታስቀምጡት ትሉ ይሞታል፤ ካስቸኮላችሁ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። ሐይቅ ውስጥ ገብቶ የቆየ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ መድኃኒት አለው።

ምንጭና ኩሬ ላይ ደግሞ አልቅት አለ። ውሻችሁ ጠጥቶ ከመጣ በኋላ በአንድ አፍንጫው ደም ከፈሰሰው በጉልበት አትጎትቱ፤ ሐኪም ያውጣለት።

«በየሳምንቱ ይታጠብ፣ ሳሙናው ማንኛውም ይሁን»

ለጤነኛ ውሻ በወር አንዴ ይበቃል፤ በመሃል ማበጠር ነው። የውሻ ቆዳ ከሰው ይሳሳል፤ ኦሞና የልብስ ሳሙና ወዙን አጥቦ ያሳክከዋል። ለብ ያለ ውሃ፣ የውሻ ሻምፑ፣ ከሌለም ጥቂት የሕፃናት ሻምፑ፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ። ጆሮው ውስጥ ውሃ አታፍስሱ፤ ቀዳዳው ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ እርጥበቱ ታምቆ ያቆስለዋል። ሁለት ወር ያልሞላው ቡችላ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

«ፀሐይ ያደርቀዋል» የሚባለውም ለደሴ አይሠራም። በኅዳርና በታኅሣሥ ከሰዓት የታጠበ ውሻ እንደረጠበ ይመሽበታል። ረፋድ ላይ አጥባችሁ በፎጣ አድርቁት፤ እስኪደርቅም እሰሩት። እርጥብ ውሻ ገላውን ሲያራግፍ ውሃው ሩቅ ይረጫል፤ ውዱእ አድርጎ ለሶላት የሚሄድ ጎረቤት በበራችሁ ሲያልፍ እንዳይነካው።